«ክራውድ» እና «ሞብ»፦ ሁለቱንም «ሕዝብ» ብሎ መተርጎም ይበቃል?

ጥያቄ | ብራና

ለመድረኩ አባላት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ በምመልሰው አንድ የታሪክ ጽሑፍ ውስጥ ሁለት ቃላት አላላውስ ብለውኛልና ምክራችሁን ፈልጌ ነው። ቃላቱ «ክራውድ» እና «ሞብ» ናቸው። ሁለቱም በአንድ ቦታ የተሰበሰበ ብዙ ሰውን ይጠራሉ፤ ሆኖም አንዱ በሌላው ቦታ ሲገባ የዓረፍተ ነገሩ ፊት ይለወጣል።

ጽሑፉ በ1780 ለንደን ውስጥ ስለተነሣውና የተቃውሞው መሪ በነበረው በሎርድ ጆርጅ ጎርደን ስም ስለሚጠራው ሁከት የሚተርክ ነው (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ)። በ1778 የወጣ አንድ ሕግ በካቶሊኮች ላይ የነበሩ አንዳንድ ገደቦችን አላልቶ ነበር። ይህ ሕግ እንዲሻር የሚጠይቅ የፊርማ ሰነድ ለማቅረብ ጁን 2 ቀን ወደ 50,000 የሚገመት ሰው በቅዱስ ጊዮርጊስ ሜዳ ተሰብስቦ፣ ባርኔጣው ላይ ሰማያዊ ምልክት ሰክቶ፣ ወደ ፓርላማው አመራ። ጸሐፊው ይህን ሰው «ክራውድ» ይለዋል። በዚያው ዕለት ሌሊት የሰርዲኒያና የባቫሪያ ልዑካን የካቶሊክ ጸሎት ቤቶች ሲጠቁ ግን፣ በዚያው ገጽ ላይ ጥቂት መስመሮች ዝቅ ብሎ፣ ቃሉ «ሞብ» ሆኖ ይመጣል። ጸሐፊው ስለ ለውጡ ምንም ማብራሪያ አልሰጠም፤ ቃሉን ለውጦ አለፈ።

በመጀመሪያው ረቂቄ ሁለቱንም «ሕዝብ» ብዬ ነበር። አርታዒው ሁለተኛውን «ሕዝብ» በቀይ አስምሮበት «የትኛው ሕዝብ?» ብሎ መለሰልኝ። ትክክል ነበር። በሁለተኛው ረቂቅ «ሞብ»ን «መንጋ» አልኩት፤ ይህንንም ያነበበች አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «ጸሐፊው የተረከውን አንተ ሰደብከው» አለችኝ። እርሷም እውነት አላት ብዬ አስባለሁ። ስለዚህ ጥያቄዬ ሁለት ነው፤ የሁለቱ ቃላት ልዩነት በትክክል ምን ላይ ነው? በአማርኛስ ልዩነቱን ሳይጎድልና ሳይጨመርበት ማሳየት የሚቻለው እንዴት ነው?

ምላሽ 1 | ሥርወ ቃል

ጥያቄዎ ደስ የሚል ነው፤ በመጀመሪያው ላይ የምለው ስላለኝ ከእርሱ ልጀምር። ሁለቱ ቃላት የመጡበትን መንገድ ማየት ብዙ ይረዳል።

«ክራውድ» በጥንታዊው እንግሊዝኛ «መግፋት፣ መጫን» የሚል ትርጉም ከነበረው ግሥ የመጣ ነው። ስሙ ከግሡ ዘግይቶ፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው የተወለደው። በደች ቋንቋ የቅርብ ዘመዱ የሆነው ግሥ እስከ ዛሬ የእጅ ጋሪን መግፋት ማለት ነው። ስለዚህ ቃሉ ከሥሩ የሚናገረው ስለ አካል ነው፤ ትከሻ ትከሻን ስለመግፋቱ፣ መተላለፊያ ስለመጥፋቱ። እንግሊዞች «ሁለት ከሆኑ ጓደኛሞች፣ ሦስት ከሆኑ ክራውድ» የሚል አባባል አላቸው፤ ሦስት ሰው ብዙ ሆኖ አይደለም፣ ሦስተኛው ቦታ ስላጣበበ ነው። ሰዎቹ ምን እንደሚያስቡ፣ ደጎች ይሁኑ ክፉዎች፣ ቃሉ አይነግረንም።

«ሞብ» ደግሞ ከላቲን ሐረግ የተቆረጠ ነው፤ ሙሉው «ሞቢሌ ቩልጉስ» ነበር፣ «ቶሎ የሚገለባበጥ ተራ ሰው» ማለት ነው። እንግሊዞች በ17ኛው ክፍለ ዘመን በመጀመሪያ «ሞቢሌ» ብለው አሳጠሩት፤ በ1680ዎቹ ደግሞ እርሱንም ቆርጠው «ሞብ» አደረጉት። ደራሲው ጆናታን ስዊፍት በ1710 ስለ ቋንቋ መበላሸት ሲጽፍ ቃሉን ለማስቆም ለዓመታት ደክሞ እንዳልተሳካለት ገልጿል፤ የእርሱ ቅሬታ ግን በቃሉ አቆራረጥ ላይ እንጂ በትርጉሙ ላይ አልነበረም። እንግዲህ ቃሉ ሲወለድ ጀምሮ ሁለት ፍርዶች ተሸክሟል። አንደኛው «ተራ ነው» የሚል የማዕረግ ፍርድ ነው፤ ሁለተኛው «ሐሳቡ አይጸናም» የሚል የአእምሮ ፍርድ ነው። የሚገርመው ከሐረጉ ውስጥ «ተራ ሕዝብ» የሚለው ክፍል ወድቆ «ተገለባባጭ» የሚለው ቅጽል ብቻ መቅረቱ ነው። ስሙ ጠፍቶ ስድቡ ቀረ።

ስለዚህ እኔ የምለው ይህ ነው፦ «ክራውድ» የሚታየውን ይናገራል፣ «ሞብ» የሚያየው ሰው የሰጠውን ፍርድ ይናገራል። የሥራ ባልደረባዎ «ሰደብከው» ማለቷን ስሰማ፣ ስድቡ በእንግሊዝኛውም ውስጥ ነበር ለማለት እደፍራለሁ።

ምላሽ 2 | ሚዛን

ለሥርወ ቃል ማብራሪያ አክብሮት አለኝ፤ በመደምደሚያው ግን አልስማማም። የቃል ታሪክ ሌላ፣ የቃል አገልግሎት ሌላ ነው። ዛሬ እንግሊዝኛ የሚናገር ሰው «ሞብ» ሲል ላቲኑን አያስታውስም።

አንድ ሰው በጎዳና ላይ በድንጋይና በዱላ ተደብድቦ ሲሞት የዓይን ምስክር «ክራውድ ገደለው» ቢል፣ ሰሚው አንድ ነገር እንደጎደለ ይሰማዋል። «ሞብ ገደለው» ሲል ግን ስድብ አልጨመረም፤ የሆነውን ነገር በትክክል ተናገረ። ምክንያቱም «ሞብ» ለማለት የሚታዩ ነገሮች ያስፈልጋሉ። ሰዎቹ ፊታቸውን ወደ አንድ ዒላማ ያዞሩ መሆን አለባቸው፤ ዒላማው ሰው ሊሆን ይችላል፣ ቤት ሊሆን ይችላል። አብረው መንቀሳቀስ አለባቸው። የሚያዛቸውና የሚያስቆማቸውም መጥፋት አለበት። «ክራውድ» ከእነዚህ አንዱንም አይጠይቅም፤ ባቡር የሚጠብቁ 300 ሰዎች አንዱ ሌላውን ሳያውቅ፣ እያንዳንዱ የየራሱን እያሰበ፣ «ክራውድ» ናቸው። በተቃራኒው 12 ሰዎች ሌሊት በር ሰብረው ቢገቡ «ሞብ» ሊባሉ ይችላሉ፤ «ክራውድ» ግን ለማለት ያንሳሉ። እንግዲህ ልዩነቱ በተናጋሪው ስሜት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ የቁጥር ልዩነት ከየት ይመጣል?

ሁለቱም ቃላት ግሥ ሲሆኑ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። «ክራውድ አደረጉኝ» ማለት ተጠጉኝ፣ ቦታ አሳጡኝ ማለት ነው። «ሞብ አደረጉኝ» ማለት ከበው ተረባረቡብኝ ማለት ነው፤ መረባረቡ የግድ በጥላቻ አይደለም፣ ዘፋኝን ከመኪናው ሲወርድ አድናቂዎቹ በፍቅር ሲረባረቡበትም ይኸው ግሥ ይገባል። የወፎችን ጠባይ የሚያጠኑ ሰዎችም ትንንሽ ወፎች ተሰባስበው እየጮኹ ጭልፊትን ወይም ጉጉትን ከአካባቢያቸው ሲያባርሩ ድርጊቱን በዚሁ ግሥ ይጠሩታል። እዚያ ላይ ደካሞቹ ኃይለኛውን ተባብረው ሲከላከሉ ነው የምናየው፤ የስድብ ሽታም የለውም። ሁሉንም የሚያያይዘው ብዙዎች በአንድ ላይ መረባረባቸው ነው።

ምላሽ 3 | ሥርወ ቃል

ስለ ግሡ ያሉትን ተቀብያለሁ፤ የወፎቹን ነገር አላሰብኩትም ነበር። ይሁን እንጂ አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎ። የተደበደበውን ሰው የደበደቡት ሰዎች ራሳቸው ስለ ራሳቸው ሲናገሩ «እኛ ሞብ ነበርን» ይላሉ? እኔ እስከማውቀው «ሞብ» ማለት ሁልጊዜ ሌሎቹ ናቸው። «እኔም በክራውዱ ውስጥ ነበርኩ» ማለት ቀላል ነው፤ «እኔም በሞቡ ውስጥ ነበርኩ» ማለት ግን ኑዛዜ ነው። አንድ ቃል በአንደኛ መደብ ሲነገር ኑዛዜ የሚሆን ከሆነ ፍርድ በውስጡ አለ ማለት ነው።

ምላሽ 4 | ሩቅ አገር

በዚህ ላይ አጭር ነገር ልጨምር። አውስትራሊያ ውስጥ ይህ አይሠራም። የካንጋሮ ወይም የበግ መንጋ እዚያ «ሞብ» ነው፤ ከዚህም በላይ የአገሬው ነባር ሕዝቦች በሚናገሩት እንግሊዝኛ «የእኔ ሞብ» ማለት ወገኔ፣ ዘመዶቼ፣ የመጣሁበት ማኅበረሰብ ማለት ነው። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ሲገናኙ አንዱ ሌላውን «ሞብህ ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ጥያቄው የዝምድና ነው፣ ስድብ የለበትም። በአንደኛ መደብ ያለ ኑዛዜ ይነገራል።

አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ቃሉ «ዘ» ከሚለው አመልካች ጋር «ዘ ሞብ» ሲባል የተደራጀ የወንጀል ቡድንን ይጠራል። ይህ ከላቲኑ ጋር ፍጹም ተቃራኒ ነው፤ ተገለባባጭ የተባለው ቃል አለቃና ሥርዓት ላለው ምሥጢራዊ ድርጅት ስም ሆነ። በ2003 ኒው ዮርክ ውስጥ ሰዎች ተቀጣጥረው በአንድ ቦታ ድንገት እየተገኙ፣ አንድ ነገር አድርገው የሚበተኑበት ነገር ሲጀመር «ፍላሽ ሞብ» ተባለ፤ እርሱም ጉዳት የለውም። ሆኖም ብዙ ሰዎች ጥቂት ጥቂት ገንዘብ አዋጥተው አንድን ሥራ የሚደግፉበት ዘዴ ስም ሲወጣለት የተመረጠው «ክራውድ» ነው። ገንዘቡን በእምነት የሚሰጥ ሰው በ«ሞብ» ስም እንዲጠራ የፈለገ አልነበረም።

ምላሽ 5 | ሕግና ቃል

ብራና በያዙት ጽሑፍ ዘመን ሕጉ ምን ይል እንደነበር ማወቅ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። በ1714 የወጣውና በ1715 በሥራ ላይ የዋለው የእንግሊዝ የሁከት ሕግ መለኪያው ቁጥርና ሰዓት ነበር። 12 ወይም ከዚያ በላይ ሰዎች ሰላምን በሚያውክ ሁኔታ ሲሰበሰቡ አንድ ባለሥልጣን እንዲበተኑ የሚያዝዘውን አዋጅ ጮክ ብሎ ያነብባል፤ ከተነበበ አንድ ሰዓት በኋላ ያልተበተኑት ሰዎች ከባድ ወንጀል ፈጻሚ ተብለው የሞት ቅጣት ያገኛቸው ነበር። ተራው ሰው ቃሉን በየዕለቱ ቢጠቀምበትም ሕጉ የቆመው በ«ሞብ» ላይ አልነበረም፤ ቃሉ ማን ውስጥ እንደሆነና ማን ውጭ እንደሆነ አይለይምና ለዳኛ አይጠቅመውም። በ1986 የወጣው የእንግሊዝ የሕዝብ ሥርዓት ሕግም ሁከትን ሲተረጉም መነሻው ያው 12 ሰው ነው።

በ1780 ጁን ወር ይህ ጉዳይ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ሆኖ ነበር። ወታደሮች በየጎዳናው ቢሰማሩም ባለሥልጣናቱ አዋጁን ለማንበብ ስለፈሩ ለቀናት ቆመው ያዩ ነበር። የኒውጌት እስር ቤት ጁን 6 ቀን ተቃጠለ። በማግሥቱ ወታደሩ ባለሥልጣን ሳይጠብቅ እንዲተኩስ ትእዛዝ ወጣ፤ ሁከቱ ሲበርድ በጥይት የሞቱት ወደ 300 ይጠጉ ነበር። ጸሐፊው «ክራውድ» ብሎ ጀምሮ ወደ «ሞብ» የተሻገረው በእነዚህ ቀናት መካከል ስለሆነ፣ ተርጓሚው የሚመርጠው ቃል አንባቢው ለእነዚያ ሟቾች የሚሰማውን ይወስናል። እባክዎ በጥንቃቄ ይምረጡ።

ምላሽ 6 | አሮጌ ብርዕ

ሕግና ቃል የጻፉትን ሳነብ ዝም ማለት አልቻልኩም፤ የታሪክ ጸሐፊዎች በእነዚህ በሁለቱ ቃላት ላይ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የተከራከሩት ስለዚሁ ነውና።

ለረጅም ጊዜ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሁከቶች ሁሉ የ«ሞብ» ሥራ ተብለው ይተረኩ ነበር። ይህ ቃል ለታሪክ ጸሐፊው ምቹ ነበር፤ ከተናገረው በኋላ እነማን እንደነበሩ መጠየቅ አያስፈልገውም። ጆርጅ ሩዴ የተባለው የታሪክ ሊቅ ግን የፍርድ ቤትና የፖሊስ መዝገቦችን ከፍቶ ስም በስም ማንበብ ጀመረ። በጎርደን ሁከት ተከሰው ለፍርድ የቀረቡት አብዛኞቹ ደመወዝተኛ ሠራተኞች፣ የእጅ ጥበብ ተለማማጆች፣ አገልጋዮች ሆነው ተገኙ፤ «የከተማው ዝቃጭና ሌባ» የሚለው አባባል አልጸናም። ቤታቸው የተጠቃባቸው ካቶሊኮችም በብዛት ድሆቹ ሳይሆኑ ባለጸጎቹ ነበሩ። በ1789 ፓሪስ ውስጥ የባስቲልን ምሽግ የያዙት ሰዎች ደግሞ 662 ስሞች ያሉበት ዝርዝር አላቸው፤ ብዙዎቹ በአቅራቢያው ሰፈር የሚኖሩ አናጢዎች፣ ቁልፍ ሠሪዎች፣ ጫማ ሰፊዎችና የመሳሰሉት ባለሙያዎች ነበሩ። ሩዴ በ1964 ባሳተመው መጽሐፍ ርእስ ላይ «ሞብ»ን ትቶ «ክራውድ»ን የመረጠው በዚህ ምክንያት ነው። እንግሊዛዊው የታሪክ ጸሐፊ ኢ. ፒ. ቶምፕሰንም በ1971 ስለ ዳቦ ዋጋ ሁከቶች በጻፈው ዝነኛ ጥናት ርእስ ላይ ይህንኑ አደረገ። ለእነርሱ የቃሉ ለውጥ የጥናቱ ውጤት ነበር፤ ሙያና ስም ያላቸው፣ ምክንያት ያላቸው ሰዎች ናቸው ማለታቸው ነበር። ይህ ማለት ያደረጉት ሁሉ ትክክል ነበር ማለት እንዳልሆነ ሁለቱም በሚገባ ያውቁ ነበር።

ሆኖም «ክራውድ» ሁልጊዜ ንጹሕ ቃል ነው ብሎ ማመንም ያሳስታል። ጉስታቭ ለ ቦን የተባለው ፈረንሳዊ በ1895 ስለ ብዙኃን ሥነ ልቡና የጻፈው መጽሐፍ ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ ርእሱ «ክራውድ» ሆነ፤ በውስጡ ያለው ሐሳብ ግን ሰው ከብዙዎች ጋር ሲቀላቀል የግል አስተያየቱንና ኃላፊነቱን ያጣል የሚል ነው። እዚያ ላይ «ክራውድ» የሚለው ቃል የ«ሞብ»ን ሸክም ሁሉ ተሸክሟል። ስለዚህ ተርጓሚው መጠየቅ ያለበት ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ ብቻ አይደለም፤ ይህ ጸሐፊ በሌሎች ገጾቹ ስለ ብዙ ሰው እንዴት እንደሚያስብ ጭምር ነው። ብራና፣ ጸሐፊዎ ተከሳሾቹን በሙያቸው ይጠቅሳል ወይስ አይጠቅስም? ከጠቀሰ «ሞብ»ን የተጠቀመው አስቦበት ነው።

ምላሽ 7 | ደቂቀ ግዕዝ

ሁላችሁም የእንግሊዝኛውን ወገን አሳምራችሁ ገልጻችሁታል። እኔ በአማርኛው ወገን ላይ ልቆይ፤ ችግሩ ከዚያ ይበልጣል ብዬ ስለማምን።

«ሕዝብ» የምንለው ቃል እጅግ ብዙ ይሸከማል። በነባሩ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ማቴዎስ 26፥47ን አውጥታችሁ ተመልከቱ። ከይሁዳ ጋር ሰይፍና ጎመድ ይዘው የመጡት «ብዙ ሕዝብ» ናቸው፤ በዚያው ቁጥር የላኳቸው ደግሞ የካህናት አለቆችና «የሕዝቡ ሽማግሌዎች» ናቸው። በግሪኩ እነዚህ ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ የመጀመሪያው «ኦኽሎስ»፣ የተሰበሰበ ብዙ ሰው፣ ሁለተኛው «ላኦስ»፣ አንድ ነገድ፣ አንድ ወገን የሆነ ሕዝብ። በእኛ ቋንቋ ግን ጎመድ የያዘውም ሽማግሌዎች ያሉትም በአንድ ስም ተጠሩ። በማቴዎስ 5፥1 ደግሞ ስብከት ሊሰማ የመጣው ሰው ያው «ሕዝብ» ነው። እንግሊዝኛውም ቢሆን ከዚህ ችግር ነፃ አልነበረም፤ በ1611 የታተመው የታወቀው የንጉሥ ጄምስ ትርጉም «ሞብ»ን ሊጠቀምበት አይችልም ነበር፣ ቃሉ ገና አልተወለደምና። የሐዋርያት ሥራ 17፥5 ላይ ከተማውን ስላወኩት ሰዎች የሚናገረውን በቅርብ ዘመን ከታተሙት የእንግሊዝኛ ትርጉሞች አንዳንዶቹ «ሞብ» ብለውታል፤ ግሪኩ ግን ከዚያው ከ«ኦኽሎስ» የተሠራ ግሥ ነው። ተርጓሚዎቹ ቃሉን የመረጡት ድርጊቱን አይተው ነው።

«ሕዝቡ ቤት አቃጠለ» ብለን ስንጽፍ ምን እንደምናደርግ እናስብ። «ሕዝብ» በእኛ ዘንድ ክብር ያለው ቃል ነው፤ አገር የሚቆምበት፣ ሥልጣን የሚሰጥ፣ በስሙ የሚማልበት። ስለዚህ 200 ሰዎች ያደረጉትን «ሕዝቡ አደረገው» ስንል ወይ ጥፋቱን እናከብረዋለን፣ ወይ ቤቱ ተቀምጦ የነበረውን ሁሉ ወንጀለኛ እናደርገዋለን። አርታዒው «የትኛው ሕዝብ?» ብሎ የጠየቀው ጥያቄ በእኔ አስተያየት በዚህ መድረክ ከተባለው ሁሉ ይበልጣል።

«መንጋ»ም ብዙ ያስቸግራል። ለበግና ለከብት የተሰጠ ቃል ነው፤ ለሰው ሲነገር ሁለት ተቃራኒ መንገዶች አሉት። እረኛ ካለው በሃይማኖት ቋንቋ የተወደደ ምእመን ነው፤ እረኛ ከሌለው አእምሮ የሌለው እንስሳ ነው። «ሞብ» ሰውን ተራ ይለዋል እንጂ ከሰውነት አያወጣውም፤ «መንጋ» ግን ያወጣዋል። በቅርብ ዓመታት የተለመደው «የደቦ ፍርድ» ሌላው ነው። ተሰባስቦ መሥራትን የሚገልጽ መልካም ቃል የግድያ ስም ሆኖ ማየት ያሳዝነኛል፤ ቢሆንም አንድ እውነት ይዟል፣ ብዙ እጅ አንድን ሥራ ሲከፋፈለው ባለቤት እንደማይገኝለት ያሳያል። ለ1780 ለንደን ግን አይሆንም፤ እዚያ ፍርድ ለመስጠት የተሰበሰበ አልነበረም።

እኔ የምመክረው ስሙን መፈለግ እንዲተዉ ነው። እንግሊዝኛ ፍርዱን በስሙ ላይ ይጭናል፤ አማርኛ ግን በግሡ ላይ መጫን ይወድዳል። «ሰው ተሰበሰበ»፣ «ሰው ታደመ»፣ «ሰው ጎረፈ»፣ «ሰው ተመመ»፣ «ሰው ግር አለ»፣ «ሰው ተረባረበ»፦ በስድስቱም ስሙ ያው «ሰው» ነው፤ ያየነው ነገር ግን ስድስት ነው። ከ«ተመመ» ወደ «ተረባረበ» ስንሻገር ከ«ክራውድ» ወደ «ሞብ» ተሻግረናል፤ ማንንም አልሰደብንም፣ ማንንም አላከበርንም።

ምላሽ 8 | ሚዛን

ይህ በጣም ጠቃሚ ነው። የእኔ «ተረባረቡ» የሚለው ፍቺ ያለ ዕቅድ ከዚህ ጋር ገጠመ። አንድ ስጋት ግን አለኝ። ግሡ የሚያገለግለው ሰዎቹ አንድ ነገር በሚያደርጉበት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው። ጸሐፊው «ሞቡን ፈሩት»፣ «ሞቡን በተኑት» ሲል ሰዎቹ ተሳቢ ናቸው፤ ግሡም የሌሎች ነው። ያን ጊዜ ስም የግድ ያስፈልጋል። «ሁከተኛ» የሚለው ቃል አይሆንም?

ምላሽ 9 | ደቂቀ ግዕዝ

ይሆናል። «ሁከተኞቹ» ሰውን በሠራው ሥራ ይጠራዋል፤ ሥራው ከቆመ ስሙም ይቆማል። ብዙ ቁጥር ላይ መሆኑም መልካም ነው፤ «ሞብ» ሰዎቹን አንድ አካል ያደርጋቸዋል፣ «ሁከተኞቹ» ግን እያንዳንዳቸውን ይተዋቸዋል። የሚጎድል ነገር እንዳለው አልክድም፤ ያ አንድ አካል የመሆን አስፈሪነት ይቀራል።

ምላሽ 10 | ብራና

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አሮጌ ብርዕ በጠየቁት መሠረት ጽሑፉን ከመጀመሪያው እንደገና አነበብኩት። ጸሐፊው ከመጨረሻው በፊት ባለው ክፍል ተከሳሾቹን በሙያቸው ይዘረዝራል፤ በዚያ ክፍል ውስጥ «ሞብ» አንድ ጊዜ እንኳ አልገባም። ቃሉ የሚገባው ሌሊቱንና እሳቱን ሲተርክ ብቻ ነው። እንግዲህ ከሩቅ ሲያያቸው «ሞብ»፣ ፊታቸውን ሲያይ ሰዎች ናቸው። ይህን ከዚህ በፊት አላስተዋልኩትም ነበር፤ ሁለቱንም «ሕዝብ» ብዬ ብተወው ኖሮ አንባቢዬም አያስተውለውም ነበር።

የጧቱን ዓረፍተ ነገር እንዲህ አድርጌዋለሁ፦ «ባርኔጣው ላይ ሰማያዊ ምልክት የሰካ ወደ 50,000 የሚገመት ሰው ከሜዳው ተነሥቶ ወደ ፓርላማው ተመመ።» የሌሊቱን ደግሞ በመጀመሪያ «ከመካከላቸው የቀሩ ሁከተኞች በጸሎት ቤቶቹ ላይ ተረባረቡ» ብዬ ጽፌ ነበር።

ምላሽ 11 | ሕግና ቃል

«ከመካከላቸው የቀሩ» የሚለውን ከየት አመጡት? ጸሐፊው የሌሊቶቹ ሰዎች የጧቶቹ መሆናቸውን ተናግሯል?

ምላሽ 12 | ብራና

አልተናገረም። ጨምሬዋለሁ፤ አውጥቼዋለሁ። አሁን «ሌሊት በጸሎት ቤቶቹ ላይ ሰው ተረባረበ፤ ሁከተኞቹ መስኮቱን ሰብረው ገቡ» የሚል ነው። ጧት የተመመውም ሌሊት የተረባረበውም «ሰው» ስለሆነ፣ ያው ይሁን ሌላ ለአንባቢው ክፍት ሆኖ ይቀራል፤ በእንግሊዝኛውም ክፍት ነው።

«ሞቡን በተኑት» የሚሉት ሦስት ቦታዎች «ሁከተኞቹን በተኑ» ሆነዋል። የቀረኝ አንድ ቦታ ነበር። ጸሐፊው በሰባተኛው ገጽ ላይ የዚያ ዘመን ባለጸጎች በቤታቸው ተዘግተው ስለ ጎዳናው ሰው የነበራቸውን አስተያየት ሲገልጽ «ለእነርሱ ግን ሞብ ነበር» የሚል አጭር ዓረፍተ ነገር አለው። እዚያ ላይ ስድቡ የጸሐፊው አይደለም፤ የባለጸጎቹ ነው፣ ጸሐፊውም እንዲሰማን የፈለገው እርሱን ነው። ስለዚህ የሰረዝኩትን ቃል መልሼ አስገባሁት፤ «በእነርሱ ዓይን ግን መንጋ ነበር» ብዬዋለሁ። ለሥራ ባልደረባዬም አሳየኋት፤ በዚህ ቦታ ይቆይ አለች።